ስካንዲኔቪያን በሰባት ቀን፦ ሁለት ከተማ ይበቃል

የስካንዲኔቪያ ጉዞ የሚያቅድ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ኮፐንሃገንን፣ ስቶክሆልምንና ኦስሎን በአንድ ሳምንት አዳርሶ ለመመለስ ይነሳል። ካርታው ላይ ጎረቤታሞች ናቸውና አይፈረድበትም። ሦስት ከተማ ማለት ግን ሦስት ጊዜ ሻንጣ መፍታትና ማሰር፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ መንገድ ላይ ማሳለፍ ነው። ልጆች ይዘው ከሆነ በአራተኛው ቀን የሚያልቀው የእግር ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሁላችሁም ትዕግሥት ነው። ለዓመታት ቆጥበው የሄዱበት ጉዞ በሩጫ እንዳያልቅብዎ ሁለት ከተማ ይምረጡ።

ምርጫው ከቪዛው መቅደም አለበት። ሦስቱም አገሮች የሸንገን አባል ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል። የሚያመለክቱት ግን ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ኮፐንሃገንና ስቶክሆልም ይመቻሉ። በባቡር 5 ሰዓት ያህል ይራራቃሉ፤ መንገዱም ራሱ ጉብኝት ነው። ባቡሩ ከኮፐንሃገን ወጥቶ ከባሕር በታች ባለ ዋሻ ያልፍና ወደ 8 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የኦረሱንድ ድልድይ ስዊድን ይገባል። ልጆቹን መስኮት አጠገብ ያስቀምጧቸው። ከስቶክሆልም ይልቅ ኦስሎን ከመረጡ ከኮፐንሃገን በሌሊት መርከብ መሄድ ይችላሉ። ከሰዓት በኋላ ተሳፍረው ጠዋት ይደርሳሉ፤ የአንድ ሌሊት የሆቴል ወጪም ይቀርልዎታል።

በየከተማው ለቀኑ አንድ ዋና ነገር ብቻ ይያዙ። ኮፐንሃገን ላይ ለልጆች ቲቮሊ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1843 የተከፈተ የመዝናኛ መናፈሻ ሲሆን ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ይገኛል። ዝነኛዋ የትንሿ የባሕር ልጅ ሐውልት ግን 1 ሜትር ከ25 ብቻ ናት፤ ትልቅ ነገር ጠብቀው የሚሄዱ ብዙዎች ቅር ይላቸዋል። ከዋዜማው ምሽት የአንደርሰንን ተረት ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ያኔ የሚያዩት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ምስል ሳይሆን የሚያውቋትን ልጅ ይሆናል።

ስቶክሆልም ላይ ቫሳ ሙዚየም አይቀርም። ቫሳ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ገና ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ የሰመጠች የጦር መርከብ ናት። 333 ዓመት ባሕር ውስጥ ቆይታ በ1961 ወጣች። ዕድሜያቸው እስከ 18 የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ። የከተማው የትራንስፖርት ትኬት ለ75 ደቂቃ ስለሚያገለግል በእሱው ሜትሮም፣ አውቶቡስም፣ ወደ ሙዚየሙ ሰፈር የምትሻገረውን ትንሽ ጀልባም ይጠቀሙበታል። የሜትሮ ጣቢያዎቹ አለቱ ላይ በተሠሩ ሥዕሎች ያጌጡ ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ላይ ወርዶ ማየት ሌላ ክፍያ የለውም።

ኦስሎ ለኪስ ከባድ ቢሆንም ምርጥ ነገሮቹ በነፃ ናቸው። የኦፔራ ቤቱ ጣሪያ ሰው እንዲወጣበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ከጎኑ ያለው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት ለማንም ክፍት ነው። ከ200 በላይ ሐውልቶች የያዘው የቪገላንድ መናፈሻ ቀንም ማታም አይዘጋም። ወደቡ ዳር ያለውን የከተማ አዳራሽ ልጆቹ በቴሌቪዥን አይተውት ይሆናል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተቀበሉት እዚያ ነው።

ወጪ ለመቆጠብ የውኃ መያዣ ይዘው ይሂዱ፤ የቧንቧው ውኃ ይጠጣል። ምሳ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ መናፈሻ ውስጥ መብላት እዚያ የተለመደ ነው። ስዊድኖች «ፊካ» የሚሉት የቡና ሰዓት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መጨዋወት ነው፣ ከቀረፋ ዳቦ ጋር። የሦስቱም አገሮች ገንዘብ ስም ቢመሳሰልም የአንዱ በሌላው አይሠራም። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ሱቆችም ስላሉ ከባንክዎ ዓለም አቀፍ ካርድ ይያዙ። ኮፐንሃገንና ኦስሎ ሜትሮ ውስጥ መግቢያ ላይ የሚያግድ በር የለም፤ ያለ ትኬት የተገኘ ግን ከባድ ቅጣት ይከፍላል።

ወቅቱን ከመረጡ ሰኔ ይሻላል። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤ በሰኔ ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ለአንድ ቀን ባዶ ይተዉት። ኮፐንሃገን ውስጥ በወደቡ መሐል የተሠራው የኢስላንስ ብሩገ መዋኛ ክፍያ የለውም፤ ልጆቹ እዚያ ከአገሬው ልጆች ጋር ሲንቦጫረቁ እርስዎም ጫማዎን አውልቀው ዳር ላይ ይቀመጡ። ሦስተኛው ከተማ ለሌላ ዓመት ይቆይዎታል።