ግንቡን ወይስ አለቱን?

አሜሪካ የምትኖር የአንዳችን የአክስት ልጅ የመርከብ ሽርሽር ላይ ሆና ደወለች። መርከቡ ኮዙሜል የምትባል የሜክሲኮ ደሴት ላይ ሊቆም ነው፤ የሚቆመው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ብቻ ነው። ከማያዎች ፍርስራሽ ቱሉም ቅርብ ነው፣ ባሕር ዳር ላይ ነው። ትልቁ ፒራሚድ ያለው ቺቼን ኢትዛ ሲሆን መንገዱ ብቻውን ቀኑን ይበላል። «የቱን ልይ?» አለች። እኛ ማያዎችን ከፊልም ውጪ አናውቃቸውም። የጥጋብ ጭንቀት ብለን ሳቅንባት።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። ለሥራ አሶሳ ሄድን፤ ሥራው ዓርብ አለቀ፣ የመመለሻ በረራችን እሑድ ነው። በእጃችን ያለችው አንዲት ቅዳሜ ናት። አራት ነን፤ የተከራየናት መኪና ደግሞ ካልተገፋች አትነሳም። (መግፋቱን ለምደነዋል።)

«ቤኒሻንጉል ደግሞ ምን ፍርስራሽ አለው?» የምትሉ ካላችሁ አንፈርድባችሁም፤ እኛም ብለናል። አሶሳ ተወልዶ ያደገው ጓደኛችን ማንጎ ዛፍ ሥር ቡና አስፈልቶ መቁጠር ሲጀምር ግን አፋችንን ዘጋን።

መጀመሪያ ያነሳው ጉባን ነው። ጉባ ሲባል ዛሬ ሁሉም የሚያስበው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ነው። ከግድቡ ብዙ ዘመን በፊት ግን ጉባ የሃምዳን አቡ ሾክ አገር ነበረች፤ ገዥው የኖሩበት ቤት ፍርስራሽም እዚያው ነው። ችግሩ ዓባይን መሻገር ነው። ጉባ ለእኛ ቺቼን ኢትዛ ሆነች፤ ሰረዝናት።

ቀጥሎ መንጌ። የክልሉ ስም «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ ቃል የመጣ ነው፤ የሻንጉል ድንጋይ ማለት ነው ይባላል። ድንጋዩ መንጌ ተራራ ላይ ያለ የተከበረ ድንጋይ ነው። አንድ ሙሉ ክልል ስሙን ከድንጋይ ሲወስድ አስቡት!

ሦስተኛው ወደ ሱዳን ድንበር ያሉት የቱርክና የግብጽ ምሽጎች ናቸው። የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን ወርሮ ወደዚህ አካባቢ የተጠጋው ሁለት ነገር ፍለጋ ነው፤ ወርቅና ሰው። ሰውየው ራሳቸው በእርጅናቸው ለወርቁ ሲሉ እስከ ፋዙግሊ ድረስ መጥተዋል። ከመካከላችን ካሜራ የያዘው ልጅ እዚህ ላይ ዓይኑ በራ። «ግድግዳ ያለው ነገር እንይ፤ ፎቶ ይወጣዋል» አለ። ሦስታችንም ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ፍርስራሽ የምንመርጠው በግድግዳው ቁመት ነው፤ ላሊበላና ጎንደር አበላሽተውናል።

ጓደኛችን ስኒውን አስቀመጠ። «ምሽጉን የሠሩት እኛን ሊወስዱ የመጡት ናቸው» አለ። «እኛ የነበርንበትን ማየት ከፈለጋችሁ አለት ነው የማሳያችሁ።»

የበርታ ሰው በዚያ ዘመን መንደሩን የሚሠራው ድንጋያማ ተራራ ላይ ነበር፤ ከታች የሚመጣውን ፈረሰኛ ቀድሞ ለማየት። አያቱ ልጅ ሆነው የሰሙትን ለእሱም ነግረውታል፤ ሲነጋ መጀመሪያ የሚታየው አቧራ ነው፣ ከዚያ ውሻ ይጮኻል፣ ከዚያ ሴቶቹ ልጅ አዝለው አለት ለአለት ይወጣሉ። ምሽግ የሠራው ወገን ስለ ግንቡ ጽፎ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ነበረው። አለት ላይ የወጣው ምን ያስቀምጣል?

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ገፍተን ቤል ቁርቁሙ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ከማድሪድ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች የቆፈሩት የአለት መጠለያ ነው፤ ሰው ለሺህዎች ዓመታት ተጠልሎበታል። ቱርክም ግብጽም ሳይታሰቡ ማለት ነው።

ምን አየን? እንዳንዋሻችሁ፣ ምንም። ትልቅ አለት፣ ጥላ፣ ደረቅ ቅጠል። ባለካሜራው «አንድ ሰዓት የገፋነው ለዚህ ነው?» አለ፤ አልፈረድንበትም። ቆይተን ግን መሬቱን ማየት ጀመርን። ጓደኛችን ጥፍር የምታክል ነጭ የኳርትዝ ስባሪ አሳየን። ጫፏ ስለት አላት፤ ሰው የጠረባት ናት። በየተራ መዳፋችን ላይ አስቀመጥናት። ከዚያ ተቀብሎ የነበረችበት ቦታ መለሳት፤ ሁለተኛ ፈልገን አላገኘናትም።

ማታ በማሽላ ገንፎና በባሚያ ወጥ መካከል የአለቱን ፎቶ ለአክስት ልጅ ላክንላት። «ፎቶው በደንብ አልተጫነም መሰለኝ፣ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች።

ገንፎው ሳያልቅ ጓደኛችን የማንጠብቀውን ጨመረ። «ፈረሰኛው ሁሉ ግን ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ» አለ። በ1890 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ አሶሳን የገዙት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአገሩ ሰው ናቸው። ግብራቸው ወርቅ ነበር፤ ሰውም ይላክ ነበር። ባለቤታቸው ሲት አምና ድንበር ተሻጋሪ በነበረው የባሪያ ንግድ ስማቸው በእንግሊዞች መዝገብ ገብቷል። ባርነትን የሚከለክለው የመጨረሻው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ሼሁ ካረፉ በኋላ። ጓደኛችን ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰምተውታል። «ትልቅ ሰው ነበሩ» አሉ። እሱም «ነበሩ፣ አባባ» አላቸው። ሁለቱም ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

«ቤተ መንግሥታቸውስ የት ነው?» አልን፤ ግንብ ፍለጋው አልለቀቀንም።

«አዲስ አበባ» አለ። «እናንተ ጋ። ሸጎሌን አታውቁም? ሼህ ሆጀሌ ማለት እኮ ነው።»

ከአራታችን አንዱ ሸጎሌ ነው ያደገው። ገንፎው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነን። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሸጎሌ! ሸጎሌ! የሞላ!» ይላል። የሰፈሩ ልጅ አላስቻለውም፤ «ሸጎሌ ለምን እንደተባለ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። ረዳቱ ትንሽ አየውና እጁን ለሂሳብ ዘረጋ።

«ሸጎሌ ስለሆነ ነዋ። ከኋላ፣ ሂሳብ!»