የጭቃ ግድግዳ ትዝታ

በ2004 ዓ.ም. ሰበታ የነበረውን የወላጆቼን ጭቃ ቤት በገዛ ፈቃዴ አስፈረስሁ። በስፍራው የብሎኬት ቤት ቆመ። ያን ጊዜ ከኋላ ቀርነት የተላቀቅሁ፣ እናቴንም ያከበርሁ መስሎኝ ነበር። ስለዚያ ፍርስራሽ ዛሬ ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ አንድ ሠዓሊ ነው።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ይህ ሰው፣ አዝራሮችን፣ ቆርኪዎችን፣ ሽቦዎችንና የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችን እየሰፋና እየጎነጎነ፣ ከሰማይ ቁልቁል የታየ እርሻና ሸለቆ የሚመስሉ ሰፋፊ ሥራዎችን በማቅረብ በዓለም ታውቋል። እኔን ከሁሉ አብልጦ የነካኝ ግን ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ አካባቢ የመሠረተውና በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው። ቀድሞ ተበክሎ በነበረው መሬት ላይ ዛሬ አትክልት ለምልሟል፤ በአትክልቱም መካከል ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ቤቶች ቆመዋል። በግድግዳቸው ላይ በእጅ የተቀረጸው ጭቃ እንደ ውሃ ሞገድ ይተጣጠፋል።

ለእኛ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ልጆች ጭቃ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ ማገር ይማገራል፤ አፈርና የጤፍ ጭድ በውሃ ተለውሶ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናትም ይቦካል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ እንዳይሰነጣጠቅ ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር፤ ዳሩ ግን የድህነት ምልክት ነው ብለን አፈርንበት። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ በልጅነት ሰፈሬ የቀሩት ጭቃ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት እናቴን ወደ ሙዚየሙ ይዣት ሄድሁ። ቅርጹን በማድነቅ ፈንታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ በጥፍሯም ጫር አደረገችው።

«ጭዱ በደንብ ቦክቷል» አለች።

«የእኛንም ባላፈርሰው ኖሮ፣ እማዬ!» አልሁ በቁጭት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ አንተ ግድግዳውን ትደገፈው ነበር እንጂ መርገኸው አታውቅም። ክረምት በወጣ ቁጥር እንደ አዲስ ስመርግ፣ እጄ ሲሰነጣጠቅ ማን አየልኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ለካስ ትዝታዬ ቤቱን እንጂ ቤቱን ያቆመውን እጅ አላስታወሰም ኖሯል! የኤልያስ ሥራ ትልቅነትም የተገለጠልኝ ያኔ ነው። እሱ ጭቃን በሩቁ አልናፈቀም፤ ሙያውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ሆኖ አቦካው፣ መረገው፣ ቀረጸው። ተፈጥሮ የማንነታችን መስታወት የምትሆነው ስንዘምርላት ብቻ አይደለም፤ ከእሷ ጋር የምንሠራበትን ጥበብ ከእጃችን ስናስቀር ጭምር ነው። ቤት ይፈርሳል፤ የሰፈር ስም ይለወጣል፤ ሙያ ግን ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ዘንድሮ በግቢያችን ጥግ አንዲት አጭር የጭቃ ግድግዳ ጀምሬአለሁ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፤ የምረግጠውም የምመርገውም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ምርጊት በሦስተኛው ቀን ተሰነጣጠቀ።

እናቴ ጠጋ ብላ አየችውና፣ «ጭድ አንሶታል፤ አፍርሰህ ድገመው» አለችኝ።