አሻራዬ መሸኛ አያስፈልገውም

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የሚካሄድ አንድ ትልቅ ስብሰባ ለመዘገብ የመግቢያ ባጅ አመልክቼ ነበር። የጸጥታ ማጣሪያ ስላለው የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት እና ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ተጠየቅኩ። ጠያቂውን አልወቅስም። አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሚገባ ማወቅ አለበት።

ችግሩ የጀመረው ከመጀመሪያው ማስረጃ ነው። መታወቂያዬ በዳባትና በደባርቅ መካከል ካለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የወጣ ነው፤ ጊዜው አልፎበታል። ፓስፖርቴም እንደዚሁ፤ እሱን ለማሳደስ ደግሞ መልሶ መታወቂያ ይጠየቃል። በተከራየሁበት ወረዳ መታወቂያ ስጠይቅ «ከመጣህበት መሸኛ አምጣ» ተባልኩ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደህናው ጊዜ ጠዋት ተነስቶ ጉዳይን ጨርሶ ማታ ጎንደር መግባት ይቻል ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን ጉዞ የሚጀመረው «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ስልክ በመደወል ሆኗል። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ደረስኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ገና ሲያዩኝ አወቁኝ። «አባትህን እኮ የቀበርነው እኛ ነን፤ አንተን ማን ያጣሃል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። መዝገቡ ከጦርነቱ ወዲህ አልተገኘም፤ ማህተሙም ለደህንነቱ ተብሎ ወደ ወረዳ ተወስዷል።

«ታዲያ ምን ላድርግ አያ?»

«ምን ታደርጋለህ ልጄ። ቡና ጠጥተህ ሂድ።»

ማንነቴን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰው ማስረጃ መስጠት አልቻሉም። ባጁ የሚሰጥበት ቀን አለፈ። እኔ ያጣሁት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ለጥበቃ ሥራ የሚወዳደረው የሰፈሬ ልጅ ግን በዚሁ ምክንያት የሚያጣው የዓመታት እንጀራውን ነው።

መታወቂያችን ሌላም ታሪክ አለው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ሰዎች መታወቂያቸው እየታየ ከመንገድ ሲመለሱ በስፋት ተዘግቧል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን ደንግጎ ሳለ ማለት ነው። ያው ካርድ ሲኖር ያስመልሳል፣ ሲታጣ ደግሞ በር ያዘጋል።

«የቀበሌ መታወቂያ በቀላሉ ይጭበረበራል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ማስረጃ እንጠይቃለን» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ተጨማሪ የተባለው ማስረጃ ሁሉ መልሶ የቆመው በዚያው በማይታመነው ካርድ ላይ ከሆነ፣ የተጣራው ምንድን ነው? የተጣራው ወንጀል መሥራት አለመሥራቴ አይደለም፤ የትውልድ ቀበሌዬ በዚያ ሳምንት ክፍት መሆን አለመሆኑ ነው።

መውጫው ሩቅ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። ብሔር አይጠይቅም። ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድም አለው። ፖሊስም የወንጀል ሪከርድ የሚያጣራው በጣት አሻራ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ካሉ ማንነትም ሪከርድም ተረጋገጠ። መሸኛው ለነዋሪነት ጉዳይ ይቆይ፤ ለጸጥታ ማጣሪያ ግን ምን ይጨምራል?

ፋይዳ ፍጹም ነው አልልም። ከመንገድ የራቀ ገበሬ ጋ እንዲደርስ መዝጋቢው መሄድ አለበት፤ መንገዱ ደግሞ ያው መንገድ ነው። ቢሆንም አንዴ ከተመዘገበ፣ በጦርነት የሚጠፋ መዝገብ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አይሆንም።

እኔ ከዳባት ስመለስ አሻራዬ አብሮኝ ነበር። የቀረው ማህተሙ ነው።

በእናንተ አካባቢስ እንዴት ነው?