አዲስ ገቢና ነባር ማዕድ

የዚህ ገጽ አንባቢ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲዎች ጠብና እርቅ ስጽፍ ማየት ለምዷል። ዛሬ ግን ስለ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እጽፋለሁ። ከርእሳችን ወጣህ የሚለኝ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ጥያቄው ያው የምናውቀው ነውና። ለረጅም ጊዜ አብሮ የኖረ ማኅበር አዲስ ሰው ሲመጣበት እንዴት ይቀበለዋል? አዲስ ገቢውስ ለመግባት ሲል ምን ጥሎ እንዲመጣ ይጠየቃል?

ድራማው «ስታር ትሬክ ቮያጀር» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 በሰባት ምዕራፎች ተላልፏል። እኔ የተከታተልኩት ዘግይቼ፣ አዲስ አበባ ከቪዲዮ ቤት በተከራየኋቸው ሲዲዎች ነው። አንዲት የጠፈር መርከብ ከምድር 70,000 የብርሃን ዓመት ርቃ ትጣላለች፤ በሙሉ ፍጥነቷ ብትጓዝ እንኳ አገሯ ለመድረስ 75 ዓመት ይፈጅባታል። ተሳፋሪዎቿም ከመነሻው አንድ ወገን አልነበሩም። መደበኛው ሠራዊትና ሠራዊቱ ሲያሳድዳቸው የነበሩ ሸማቂዎች በአንዲት ካፒቴን፣ በጄንዌይ ሥር፣ አብረው ለመኖር ተገደዱ። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1997 አራተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ወደዚህ የተደላደለ ቤት አዲስ ገጸ ባሕርይ ገባች። ስሟ «ከዘጠኝ ሰባተኛዋ» ነው፤ ሲያሳጥሩት «ሰባት» ይሏታል። የመጣችው ከቦርግ ነው። ቦርግ ያገኘውን ሕዝብ ሁሉ እየዋጠ፣ አካሉን ከብረት፣ አእምሮውን ከአንድ የጋራ ድምፅ ጋር የሚያቆራኝ ኃይል ነው። በዚያ ዘንድ «እኔ» የሚባል ቃል የለም፤ ያለው «እኛ» ብቻ ነው። ሰባት ከሰው የተወለደች፣ አኒካ ሀንሰን የተባለች ልጅ ነበረች፤ በስድስት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር ተዋጠች።

አገባቧ ያማረ አልነበረም። እርሷ በገባችበት ሰሞን ኬስ የተባለችው ነባር ገጸ ባሕርይ ተሰናበተች። ተዋናይቷ ጄሪ ራያን ደግሞ ከሰውነቷ ጋር የተጣበቀ ልብስ ለብሳ ቀረበች፤ ብዙዎችም ተመልካች ለመሳብ የመጣች ጌጥ ናት አሉ። ካፒቴኗን የተጫወተችው ኬት መልግሩ ራሷ ለአዲሷ ባልደረባዋ ፊት እንዳልሰጠቻት ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናግራለች። ነባሩ ሰው ኩርፊያውን የሚወጣው ወንበሩን ባዘጋጀው ላይ ሳይሆን ወንበሩ በተሰጠው ላይ ነው፤ ይህ በፖለቲካችንም የታወቀ ነው።

ሰባትን ከጌጥነት ያወጣት ደራሲዎቹ በአፏ ያኖሩት ክርክር ነው። «ስጦታው» በተባለው ክፍል ጄንዌይ ሳታስፈቅዳት ከቦርግ ታላቅቃታለች፤ ሰባት ግን መልሱኝ ትላለች። ነፃነት ሰጠንሽ እያላችሁ የገዛ ዕጣዬን እንዳልመርጥ ከከለከላችሁኝ፣ እናንተና ቦርግ በምን ትለያላችሁ? ነው ነገሯ። ካፒቴኗም መልስ አላት። በስድስት ዓመቷ የተወሰደች ልጅ መርጣ አልሄደችምና፣ መምረጥ እስክትችል ድረስ እጠብቃታለሁ ትላለች። መልሱ ያጠግባል ወይ? ድራማው አይፈርድም። ሁለቱንም እውነት በአንዲት ሴት ላይ አሸክሞ ያስኬዳቸዋል።

እኛ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ የቡድን መብት ይቅደም ወይስ የግለሰብ እየተባባልን ኖረናል። አንዱ ወገን «እኛ» የሚለው ቃል ሰውን እንደሚውጥ ብቻ ያያል፤ ሌላው በ«ግለሰብ» ስም የሚደረገውን መዋጥ ብቻ ያያል። ሰባት ሁለቱም የደረሰባት ሰው ናት፤ ስለዚህ ከሁለታችንም ጋር አትስማማም።

ጉዳዩ እኔን የሚነካኝ ከትውልዴ የተነሣ ነው። የተወለድኩት በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በጋዝጊብላ ነው። አያቴ አፏን የፈታችው በኽምጣና ነበር። አጎቴ ልጅ ሳለ ለትምህርት ሲወሰድ መዝጋቢው ስሙን «ይህ ለአፍ ይከብዳል» ብሎ በሌላ ስም ጻፈው። ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። አጎቴ በዚያ ስም ተማረ፣ ተቀጠረ፣ ተከበረ። የመጀመሪያ ስሙን እስከ መጨረሻ የምትጠራው አያቴ ብቻ ነበረች። እርሷ ስታርፍ ስሙም ጠሪ አጣ። መዋጥ ሁልጊዜ በብረት አይደለም፤ አንዳንዴ በመልካም የእጅ ጽሕፈት ነው።

ዛሬ በዋግ ኽምራ ስም የተሰየመ የብሔረሰብ አስተዳደር አለ፤ ኽምጣናም በትምህርት ቤት ይሰጣል። ይህን የሚያቃልል ሰው ያለፈውን አያውቅም። ነገር ግን አገራችን አዲስ ገቢን የመቀበል ጥበብ የጀመረችው በ1987 አይደለም። የዛግዌ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1270 ሲያበቃ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ የዋግ ባላባቶች አገራቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ነበረው። ልብ በሉ፣ ተሸናፊው ወገን ወደ አዲሱ ማዕድ የገባው ማዕረጉን ይዞ ነው። ከዚያ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። እርሳቸውም ስም ለወጡ፤ ነገር ግን የለወጡት ራሳቸው ናቸው። ስም መለወጥ በራሱ ውርደት አይደለም። ለዋጩ ማን ነው የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

ይህንኑ ነገር የሰባት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2023 መልሶ አነሣው። «ስታር ትሬክ ፒካርድ» በተባለው ድራማ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ሰባት የአንዲት መርከብ ምክትል አዛዥ ሆናለች፤ አለቃዋ ግን «ሀንሰን» እያለ በትውልድ ስሟ ብቻ ይጠራታል። እርሷ የምትሻው ደግሞ ያ የማራኪዎቿን ስም፣ ከኖረችበት በኋላ የራሷ ያደረገችውን ነው። እዚህ ላይ የእኛም የማንነት ጠበቆች ቢያስቡበት እወዳለሁ። አጎቴን ዛሬ «እውነተኛ ስምህ ያኛው ነው» ብሎ በግድ የሚጠራው ሰው ከመዝጋቢው የተሻለ አይደለም። ሰባት በመጨረሻ የመርከብ ካፒቴን ሆነች፤ በየትኛው ስም እንደምትጠራም የወሰነችው እርሷ ናት።

በአገራችን ድራማዎች ከገጠር የሚመጣው አዲስ ገቢ ብዙ ጊዜ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ነው፤ የተሰጠውም የንግግር ዘዬ እንጂ ክርክር አይደለም። ተመልካች በዘዬው ይስቃል፤ ገጸ ባሕርይው ቡናውን አቅርቦ ይወጣል። በየምክር ቤቱና በየፓርቲው ጽሕፈት ቤትም ይህን ሚና የያዙ ሰዎች ሞልተዋል፤ የባህል ልብሳቸው ለፎቶግራፍ ይፈለጋል፣ ሐሳባቸው አይጠየቅም። እኔ የአንድን ማኅበር ቅንነት የምለካው ስንት ዓይነት ሰው እንደሰበሰበ ቆጥሬ አይደለም። ካፒቴኗን «አንቺስ በምን ትለዪያለሽ?» ብሎ የጠየቀ አዲስ ገቢ በማግስቱም ወንበሩ ላይ ይገኛል ወይ ብዬ ነው።