መጀመሪያ ይግጠም፣ ከዚያ ይጥበቅ

ስለ መኪና ልጽፍላችሁ ነውና ገጹን አልፋችሁ እንዳትሄዱ። እኔም ብሆን ከቤት ወደ ሥራ ከማድረሱ ያለፈ ከመኪና ጋር ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም። ባለቤቴ ግን ልጅነቱን ያሳለፈው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረው የአጎቱ ጋራዥ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርን 18 ዓመት ቢሞላንም፣ ቅዳሜ እጁን ግሪስ ካልነካው ያረፈ አይመስለውም።

ከሦስት ዓመት በፊት የ1967 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ገዛ። ሙስታንግ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ከቀረበ ጀምሮ ብዙ አሜሪካውያን በፍቅር የሚያዩት መኪና ነው። የ17 ዓመቱ ልጃችንም በፍቅሩ ወደቀ፤ ኮፈኑ ላይ «አፍንጫ» ካልተደረገለት አለ። አፍንጫ የሚለው ስም የባለቤቴ ነው፤ እዚህ አገር ስኩፕ ይሉታል። አፉን ወደ ፊት ከፍቶ ኮፈን ላይ የሚቀመጥ ጉብታ ነው። እንደ 1965ቱ ሼልቢ ጂቲ 350 ባሉ ፈጣን መኪኖች ላይ የውጭ አየር ወደ ሞተሩ ያስገባል፤ የእኛው ግን ለጌጥ ነበር። የሚሠራው ከፋይበርግላስ፣ ማለትም ሬዚን ጠጥቶ ከደረቀ የመስታወት ክር ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፤ ሲያስጨንቁት ግን ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያውን አፍንጫ ያስገጠምነው አንድ ቦዲ ቤት ወስደን ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ቡሎኖቹ ባሉበት ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታዩ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ በዙሪያው ያለው ቀለም ተተረተረ። ባለቤቴ ፈትቶ ሲያየው ምክንያቱን አገኘው። አፍንጫው ከኮፈኑ ቅርጽ ጋር አልገጠመም፤ አንዱ ጥግ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሠራተኛው ክፍተቱን የዘጋው ቡሎኑን በኃይል በማጥበቅ ነበር። የቀረውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀባበት።

ያን ሰሞን ቤታችንም ሰላም አልነበረም። ልጃችን አባቱ ያሰበለትን የፋርማሲ ትምህርት ትቶ ሥዕልና ዲዛይን መማር እንደሚፈልግ ነግሮናል። አባቱ «ሌሊት ለሌሊት ታክሲ የነዳሁት ለዚህ ነው?» አለ። ከዚያ በኋላ በአንድ ማዕድ እየበሉ ለሳምንታት ሳይነጋገሩ ቆዩ። እንደ መጀመሪያው ያለ አዲስ አፍንጫ በፖስታ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ልጁ ካርቶኑን ይዞ ብቻውን ወደ ጋራዡ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ አባቱ ተከተለው። እኔም ቡና የማድረስ ሰበብ አገኘሁ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወይም ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ያለ እንደሆነ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። አፍንጫው የሚለካው ኮፈኑ ተዘግቶ ነው፤ ክፍት ኮፈን ትንሽም ቢሆን ይጣመማል። ባለቤቴ የኮፈኑን ቀለም በወፍራም ማስኪንግ ቴፕ ሸፈነና 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን ወደ ላይ አድርጎ ለጠፈበት። አፍንጫውን በቦታው አስቀምጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ይገፉት ጀመር። በዚህ ዓይነት የአፍንጫው ሥር የኮፈኑን ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ግን መፋቁ ጠርዙን ያሳሳዋል፤ ያን ጊዜ ከሥሩ የፋይበርግላስ ጨርቅና ሬዚን ጨምሮ መሙላት ይሻላል።

ከሰዓቱ ሙሉ በዚህ አለቀ። ልጁ ሰለቸውና «በቡሎን እንሳበውና ይለቅ» አለ። አባቱ «ተው፣ አታስጨንቀው። መጀመሪያ ይግጠም፣ ከዚያ ይጥበቅ» አለው። ልጁ ቀና ብሎ፣ «አባዬ፣ ለዚህ ነገር ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አለህ» አለ። ባለቤቴ መልስ አልሰጠም። ብርጭቆ ወረቀቱን ቀየረና ሥራው ቀጠለ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀዳዳዎቹ ላይ ደረሱ። ኮፈኑ ላይ የነበሩት ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ልክ የተበሱ ነበሩ፤ ባለቤቴ በትራፓኖ ወደ 8 አሰፋቸው። ፀሐይ ሲመታቸው ብረቱና ፋይበርግላሱ እኩል አይለጠጡም፤ መንቀሳቀሻ ቦታ ካላገኙ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል። የተበሳውን ጠርዝ ዝገት እንዳይጀምረው ፀረ ዝገት ቀለም ቀባው። እናንተ እንደ አዲስ የምትበሱ ከሆነ በኮፈኑ ሥር ያሉትን የብረት ድጋፎች አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

በአፍንጫውና በኮፈኑ መካከል ስስ ጎማ ገባ። ከእያንዳንዱ ቡሎን ራስ ሥር ደግሞ ጫናውን የሚያከፋፍል ሰፊ ሮንዴላ ተደረገ። እዚህ ተወልዶ ያደገው ልጃችን «ሮንዴላ» የሚለውን ቃል ያን ቀን ተማረ፤ አባቱ ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ አዲስ አበባ ጋራዦች እንደገባ ነገረው። ቡሎኖቹ መጀመሪያ ሁሉም በጣት ተያዙ፤ ከዚያ በመስቀለኛ እየተዘዋወሩ በየተራ ግማሽ ዙር ብቻ ጠበቁ። ጎማው ትንሽ ጨመቅ ሲል ባለቤቴ «በቃ» አለ። መጋጠሚያው ላይ ስቱኮ አልተደረገም። መስመሩ ይታያል፤ ይታይ።

ለእናቶችና ለአባቶች አንድ ነገር ላስታውስ። ፋይበርግላስ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፣ ለሳንባም አይሆንም። ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ።

ያን ምሽት እጃቸውን ሲታጠቡ ባለቤቴ ልጁን ሳያየው «ያ ያልከው ትምህርት ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «አራት» አለ። ነገሩ በዚያ አላለቀም። ባለቤቴ አሁንም ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ይጨነቃል፤ ልጁም የመረጠውን አልለወጠም። ግን ይነጋገራሉ፣ ይከራከራሉ፤ አልፎ አልፎም ይሳሳቃሉ።

አዲሱ አፍንጫ አንድ በጋና አንድ ክረምት አሳልፎ ስንጥቅ አልታየበትም። እናንተም ብትሞክሩት ከአንድ ወር በኋላ ቡሎኖቹን መለስ ብላችሁ እዩአቸው፤ ጎማው ሲረግፍ ሊላሉ ይችላሉ። የላላውን ወደነበረበት መልሱት እንጂ ለእርግጠኝነት ብላችሁ አንዲት ዙር እንኳ አትጨምሩበት።