ሌሊት ያየነው ፊልም፣ ያመለጠን ቃል



እኛ ጎንደር የምንኖር፣ በቤተ ክርስቲያናችን በልጆች ክፍል የምናገለግል ባልና ሚስት ነን። አንድ ነገር እንንገራችሁና እንጀምር፤ አስፈሪና ልብ አንጠልጣይ ፊልም እንወዳለን። ልጆቹ ሲተኙ ድምፁን ቀንሰን፣ ቆሎ በሰሃን አቅርበን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እናያለን። ይህን የሰሙ ወንድሞችና እኅቶች «ከዚህ ሁሉ ፊልም ምነው ይህን መረጣችሁ?» ይሉናል። ጥያቄው ከፍቅር ስለሆነ አንቀየምም። ደግሞም አዲስ ጥያቄ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር በተዋወቀችበት ዘመን ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር።

መልሳችን አጭር ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ጨለማውን አይደብቅም። ንጉሥ ሳኦል እንዳይታወቅ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር የሄደበትን ምዕራፍ (1ኛ ሳሙኤል 28) እስቲ ማታ ብቻችሁን አንብቡት። የመሳፍንት ምዕራፍ 19ን ታሪክማ ለሕፃን ጮክ ብሎ የሚያነብ የለም። ክፋትን ማሳየትና ክፋትን ማስወደድ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ አስፈሪ ፊልም ስናይ የምንጠይቀው ጥያቄ አለን፤ ይህን ካየን በኋላ ነገ ጠዋት ጎረቤታችንን በምን ዓይን እናያለን? ጥያቄውን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ከወደድነው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ኤ ኳየት ፕሌስ» ያዘጋጀው ጆን ክራሲንስኪ ነው፤ ከባለቤቱ ከኤሚሊ ብለንት ጋርም ተውኖበታል። ድምፅ እየሰሙ የሚያድኑ ፍጥረታት ዓለምን ወርረው፣ አንድ ቤተሰብ ባዶ እግሩን እየሄደ፣ በምልክት ቋንቋ እየተነጋገረ ይኖራል። መስማት የተሳናትን ልጅ የተጫወተችው ሚሊሰንት ሲሞንድስ በእውነተኛ ሕይወቷም መስማት የተሳናት ናት።

ይህን ፊልም በፍላሽ አስጭነን ያየነው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ከተማችን በሰዓት እላፊ ውስጥ በነበረችበት ሰሞን ነው። ተኩስ ሲሰማ ልጆቻችንን ከመስኮት አርቀን፣ ወለል ላይ አስተኝተን «ዝም በሉ» ያልንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ስለዚህ ያ ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ እጅ ለእጅ ተያይዞ ያለ ድምፅ ሲጸልይ ስናይ ሁለታችንም አለቀስን። በኋላም አባትየው ልጆቹን ለማትረፍ ሆን ብሎ ጮኾ አውሬውን ወደ ራሱ ሲጠራ፣ ፊልሙ ከፍርሃት ይልቅ ስለ ፍቅር እንደሚናገር ገባን። ካየነው በኋላ ተነሥተን ልጆቻችንን ደርበን አለበስናቸው። መለኪያችንን አልፏል።

ጄምስ ዋን ያዘጋጀው «ዘ ኮንጁሪንግ» (እ.ኤ.አ. 2013) በአሠራሩ ከዚያ አያንስም። ከጨለማው ውስጥ ሁለት እጆች ወጥተው ሲያጨበጭቡ ቆሎው ከነሰሃኑ ተደፍቶብናል። ግን ቆይተን ስናስበው አንድ ነገር ከነከነን። ፊልሙ እውነተኛ ታሪክ ነኝ ይላል። ቤቱን የምታሸብረውን ጠንቋይም በአሜሪካ ሳሌም በጥንቆላ ተከሰው ከተገደሉት ሴቶች የአንዷ ዘመድ ያደርጋታል። እ.ኤ.አ. በ1692 በሳሌም 19 ሰዎች ተሰቅለዋል። እነዚያ ሰዎች ጠንቋዮች አልነበሩም፤ የፈሩ ጎረቤቶቻቸው የከሰሷቸው ንጹሓን ነበሩ፤ ከመካከላቸው የጸሎት ሰዎችም ነበሩባቸው። ፊልሙ ግን ለጥሩ ድንጋጤ ሲል ክሱን መልሶ አነሣባቸው። የሞተ ሰው ስሙን መከላከል አይችልም።

ዛክ ክሬገር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው «ዌፐንስ» ደግሞ ይህንኑ ነገር ከሌላ ወገን ያሳያል። ከሌሊቱ 2፡17 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ከ17 መሆኑ ነው፣ የአንድ ክፍል 17 ልጆች ከየአልጋቸው ተነሥተው ወደ ጨለማው ሮጠው ይጠፋሉ። በማግሥቱ ክፍሉ ውስጥ የቀረው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ወላጆቹ መልስ ሲያጡ በመምህርቷ ላይ ተነሡ። መኪናዋ ላይ በቀይ ቀለም «ጠንቋይ» ተብሎ ተጻፈ። ፍጻሜውን አንነግራችሁም። ደሙ ይበዛል፤ ለልጅ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለብዙ አዋቂም አይመከርም። ነገር ግን ሐዘን ያሳበዳቸው ጨዋ ሰዎች እንዴት በአንዲት ሴት ላይ እንደሚያብሩ ያሳየበት መንገድ ትክክል ነው።

ያን ሌሊት እነዚያን ወላጆች በጣም ታዘብናቸው። ከዚያ ከሁለታችን አንዳችን፣ ማን እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም፣ «ይሄ ፊልም ጎንደር ቢሠራ መምህርቷ ሸክላ ሠሪ ትሆን ነበር» አለ። ሌላችን ሳቅን። ስለ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ስለሚባለው ጠይብ፣ በልጅነታችን የሰማነውን ሁሉ እያነሣን ተሳሳቅን። የልጆቹ መኝታ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር።

በሳምንቱ ቡና አፍልተን ጎረቤታችን መጡ። በወለቃ በኩል ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱ ትልቅ እናት ናቸው። ምጣዳችንም ጀበናችንም የእጃቸው ሥራ ነው። እንደ ልማዳቸው ለሰባት ዓመቱ ልጃችን ዳቦ ቆርሰው ዘረጉለት። ልጁ እናቱ ኋላ ተሸሸገና «አልበላም፤ እማማ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ዳቦውን ወደ ትሪው መለሱትና «ልጅ ምን ያውቃል፤ የሰማውን ነው» አሉ። ቶናውን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። «የሰማውን ነው» ሲሉ ያዩት ልጁን አልነበረም።

ወገኖች፣ ይህ የአገራችን ሆረር ነው፤ ተዋናዮቹ ግን ደመወዝ አልተከፈላቸውም። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው በዚህ ስም ስንት ዘመን ተገፍቷል። ቤተ እስራኤላውያን ርስት ተነፍገው በእጅ ሥራ ሲተዳደሩ፣ ያው የእጅ ሥራቸው ተመልሶ መከሰሻቸው ሆነ። ማረሻውን ከእነርሱ ገዝተን፣ በእንስራቸው ውኃ ጠጥተን፣ ዓይናቸውን ግን ፈራን። ዛሬ የምንኮራባቸው ግንቦች ሲሠሩ እንኳ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል እነርሱ ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ብዙዎቹ የሄዱት ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። እነርሱ ሄዱ፤ ወሬው ግን እዚህ ቀረ፤ በእኛ አፍም እስከ ልጃችን አልጋ ደረሰ።

አጋንንት የሉም እያልን አይደለም። ቃሉን የምናምን ሰዎች ነን። ነገር ግን በማርቆስ 5 ጌታ ኢየሱስ በመቃብር ስፍራ የነበረውን ሰው ሲያገኘው፣ መንፈሱን አስወጥቶ ሰውየውን ወደ ቤተሰቡ ላከው። ክፉውን ከሰውየው ለየ። ወሬ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሰውየውን ራሱን ክፉ ያደርገውና ከቤተሰቡ ያስወጣዋል። በዚያ ሰሞን በጸሎታችን ጊዜ ሌላ ቦታም ቆመን ቀረን። በማቴዎስ 14 ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት፣ በማዕበል መካከል፣ በውኃ ላይ ወደ እነርሱ የሚመጣውን አዩና ምትሀት መሰላቸው። የመጣው ግን ሊያድናቸው ነበር። ፍርሃት ጌታን እንኳ በሐሰተኛ ስም ያስጠራል። ጻፎችም ብዔል ዜቡል አለበት ብለውታል። እንግዲህ በሐሰት ክፉ መንፈስ አለባቸው የተባሉ ሰዎች ሁሉ በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር ተቆጥረዋል።

ለእማማ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለታችንም ከልጃችን ጋር ሄድን። ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ፣ ከእኛ አፍ እንደሰማው ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ እናታቸው ገበያ ላይ ሸክላ ዘርግተው ሲቀመጡ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ያልፉ እንደነበር አጫወቱን። «እኔም ሕፃን ነበርኩ፤ ከእናቴ ሥር ሆኜ አያቸው ነበር» አሉ። «ይቅር ይበለን» ብለው ልጁን ግንባሩን ሳሙት።

አሁን ቡና ይመጣሉ፤ ይጫወታሉ። ዳቦም ያመጣሉ። ግን ለልጁ በእጃቸው አይሰጡትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው ለእናቱ ያቀብላሉ። ይቅር ብለውናል፤ ቁስሉ ግን ገና አልዳነም። ልጃችን እጁን ዘርግቶ «እማማ፣ ለእኔ ይስጡኝ» እስኪል እየጸለይን እንጠብቃለን፤ እንዲል ግን አናስገድደውም።

ፊልም ማየት አላቆምንም። በሩን ግን እንዘጋለን፤ አፋችንንም እንጠብቃለን። ፊልሙ ሲያልቅ «ፊልሙ ማንን ፍሩ አለን? ያን ሰው እናውቀዋለን?» ብለን እንነጋገራለን። አንዳንዱን ፊልም በዚህ ምክንያት ግማሽ ላይ አጥፍተነዋል።

እናንተስ? ልጆቻችሁ በገርበብታው በር ምን ሰምተው ይሆን? ከመተኛታችሁ በፊት አብራችሁን ጸልዩ።

ጌታ ሆይ፣ የፈራነውን ሁሉ ክፉ ብለን ከመጥራት አድነን። በአፋችን ያቆሰልናቸውን ሰዎች አንተ ፈውስ። በሌሊትም በማዕበልም ብትመጣ ድምፅህን እንድናውቅ ጆሯችንን ክፈት። አሜን።