የዓሣው መንገድ

በዱባይ ከተማ፣ ካራማ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የፎገራ ሰው ይኖራል። ሥራውም እንግዶችን ለዓሣ ማጥመድ ወደ ባሕር በሚያወጣ የኪራይ ጀልባ ላይ መንጠቆ ማዘጋጀት ነው። ሙያው ለእርሱ አዲስ አልነበረም፤ በወጣትነቱ የጉማራ ወንዝ ከጣና ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ታንኳ እየቀዘፈ አጥማጆችን ይመራ ነበርና።

በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን 15 ያህል ዓይነት ሲኖረው፣ አብዛኞቹ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ግማሽ ያህሉም በክረምት ወንዙ ሲደፈርስ ከሐይቁ ወጥተው፣ ፈሳሹን ተቃውመው ወደ ላይ ይሄዱና ጠጠር ባለበት ስፍራ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አስቀድመው ግን በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። የመሪው ጥበብ ሁሉ ይህችን ቀንና ይህችን ስፍራ ማወቅ ነው። በዚያ መረብ የዘረጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይይዛል፤ ከላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ፈጭተው በውኃው ላይ የሚበትኑ አሉ። በፍልሰታ ሱባኤ ወደ ጣና ገዳማት የተሻገረ ምእመን ወራቱ የዓሣውም የጉዞ ወራት መሆኑን ምናልባት ልብ አላለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ መርማሪዎች ጽፈዋል።

በመጋቢት አንድ ቀን አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ሻዕሪ የተባለውን ዓሣ አጠመደ። የጀልባው አለቃም መንጠቆውን በቀስታ ነቅሎ ዓሣውን ወደ ባሕሩ መለሰው፤ ከየካቲት 22 እስከ ሚያዝያ 22 የመራቢያው ወራት ስለ ሆነ የሀገሩ ሕግ ሻዕሪንና ሳፊን ማጥመድ ይከለክላልና። እንግዳው አልተቆጣም። እርሱም በካሊፎርኒያ ቺኑክ ለሚባለው ታላቅ ሳልሞን የአጥማጆች መሪ ነበር። ቺኑክ በወንዝ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ተወለደበት ወንዝ ተመልሶ፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ቁጥሩ እጅግ ስላነሰ እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በካሊፎርኒያ ባሕር ሳልሞን ማጥመድ ፈጽሞ ተከለከለ፤ እንግዳውም በእነዚያ ሁለት ዓመታት ጀልባውን አስሮ ያለ ገቢ እንደ ተቀመጠ ነገረው።

ፎገሬው በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ታናሽ ወንድሙ ለክረምቱ እንዲልክለት የጠየቀው የናይለን መረብ ከአልጋው ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በማግሥቱ ስልክ ደውሎ መረቡን እንደማይልክ ነገረው። ወንድሙም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣

«ጋሼ፣ የዓሣውን መንገድ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ አንተው ትዘጋብኛለህን? ልጆቼ ክረምቱን ምን ይብሉ?» አለው።

መልስ አላገኘለትም። መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር ማለትም ይከብዳል፤ በካሊፎርኒያም ቢሆን የተዘጋው ባሕር የብዙዎችን ማዕድ አጉድሏል። ከሳምንት በኋላ ግን ከደመወዙ ቀንሶ የነሐሴንና የመስከረምን ቀለብ ላከ፤ እስከ ጥቅምት ድረስ በወንዙ አፍ መረብ እንዳይዘረጋም ለመነው። የከርሞውን ነገር አላነሣም። መረቡም እስከ ዛሬ ከአልጋው ሥር ነው።